ሐረማያ ሲደርቅ የተማረ ሰው አልጠፋም ነበር፦ «መጀመሪያ ትምህርት፣ ዴሞክራሲ በኋላ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሰሞን «መጀመሪያ ትምህርት፣ ዴሞክራሲ በኋላ» የሚል ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከርሞ በመጨረሻ እኔም ዘንድ ደረሰ። የላከልኝ የድሮ ተማሪዬ ነው። ከሥሩ «ቲቸር፣ ይሄን አንብብና አንድ ነገር በል እንጂ አቦ» ብሎበታል። (ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ ቦታ የለውም፤ የሌላ አገር ሰው እንዳይቀየመው።)

አነበብኩት። ጸሐፊው ብዕራቸው የተባ ነው፤ ሐረር ተወልደው እንዳደጉም ይነግሩናል። ነገራቸው ሲጨመቅ እንዲህ ነው፦ ያልተማረ ሕዝብ ዴሞክራሲን አይሸከምም፤ ስለዚህ ለአንድ ትውልድ ያህል ምርጫና ክርክሩን ትተን ትምህርት ላይ እንረባረብ። ትምህርት ሲባልም ሒሳብ፣ ሳይንስና ኮምፒዩተር ነው፤ ሲቪክስ ተሞክሮ ወድቋል። ተማሪ ጸጥ ብሎ ይማር። የአካባቢ ጥበቃ ጉዳይ ለባለሙያ ይተው። በአፍ መፍቻ ቋንቋ ማስተማር አጣላን እንጂ አልጠቀመንም። ደግሞም ብሩህ ልጆች ተመርጠው ለብቻቸው ይማሩ፤ አገር የሚያድነው እነሱ ናቸው።

እኔ ድሬዳዋ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሲቪክስ አስተምሬያለሁ። ወድቋል በተባለው ትምህርት ደመወዝ የበላሁ ሰው ነኝና ገለልተኛ ነኝ አልልም። በተራ በተራ ልመልስ።

«ያልተማረ ሕዝብ ዴሞክራሲን አይሸከምም»

ይህን አባባል የሚናገረው ሰው ሁልጊዜ ራሱን ከተማሩት ወገን ቆጥሮ ነው። «እኔ እስክማር ድምፄ ይቆይልኝ» ያለ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ሕንድ የመጀመሪያውን አጠቃላይ ምርጫ ያካሄደችው እ.ኤ.አ. በ1951 እና በ1952 ነው። በ1951 በተደረገው ቆጠራ ማንበብና መጻፍ የሚችለው ሕዝቧ 18 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ሕዝቡ ፊደል እስኪቆጥር ልጠብቅ አላለችም፤ ለየፓርቲው ሥዕል ሰጠች። ማንበብ የማይችለው ገበሬ የተጠመዱትን ሁለት በሬዎች አየና የኮንግረስ ፓርቲ መሆኑን አወቀ፤ ፈለገ መረጠው፣ አልፈለገ ተወው። ጀርመን ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎቿ ዓለም የሚቀናባቸው ነበሩ። ሂትለር እ.ኤ.አ. በ1933 ሥልጣን ሲይዝ ፕሮፌሰርም ሐኪምም መሐንዲስም አልጎደላትም። አንዳንዶቹማ ተሰልፈው አጨበጨቡ።

ሩቅ መሄዱን እንተወው። ጁገል ውስጥ ያደገ ሰው አፎቻን ያውቃል፤ እኛ ድሬ ላይ ዕድር የምንለውን። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች ገንዘብ ያዧን መሐል አስቀምጠው «የባለፈው ለቅሶ ስኳር ስንት ኪሎ ነበር?» ብለው ሲያፋጥጡ አይቻለሁ። ሒሳቡ ካልገጠመ ትወርዳለች። ዓመቱ ሲሞላ ሌላ ትመረጣለች። ደንብ አለ፣ ቅጣት አለ፣ «እኔ አልስማማም» የምትል ሴትም ሁሌ አትጠፋም። ጸሐፊው ለአንድ ትውልድ ይቆይ ያሉትን ነገር እነዚህ ሴቶች በየወሩ ያካሂዱታል።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ጸሐፊው የሐረር ልጅ ከሆኑ ከድሬ ወደ ሐረር ዳገቱን ወጥተው የሐረማያን ሐይቅ ስንቴ አልፈውት ይሆን? እኔ ልጅ ሳለሁ አውቶቡሱ እዚያ ሲደርስ ሰው ሁሉ ወደ መስኮቱ ያዘነብል ነበር። ሐረር ለዐሥርት ዓመታት የጠጣችው ከዚያ ነው። በዚያው አጠገብ በ1940ዎቹ መጨረሻ ከኦክላሆማ በመጡ መምህራን እርዳታ ሥራ የጀመረ የእርሻ ኮሌጅ አለ፤ በ1977 ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በአገሪቱ ስለ አፈር፣ ስለ መስኖና ስለ ውሃ ከሁሉ በላይ የሚያውቁ ሰዎች ከሐይቁ በእግር በሚደረስበት ርቀት ይኖሩ፣ ያስተምሩ፣ ይመራመሩ ነበር። ሐይቁ እየሸሸ መሆኑንም ጽፈውታል።

ደረቀ። በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ ሰው በቀድሞው የሐይቅ ወለል ላይ ከብት ይነዳ ነበር።

ለምን ደረቀ? ገበሬው ጫትና አትክልቱን ለማጠጣት የውሃ ሞተር ተከለ። የአወዳይ ገበያ ሌትና ቀን ጫት ይፈልጋል፤ ልጆቹን የሚያሳድገው በዚያ ነውና እሱን ማን ይወቅሰዋል? ዙሪያው ያለው ኮረብታ ተራቁቶ አፈሩ ወደ ሐይቁ ወረደ። ከተሞቹም ቀዱ፣ ተቋማቱም ቀዱ። ሁሉም በየፊናው ትክክል ነበር። ገበሬው፣ የሐረር ውሃ ጠጪ፣ ተመራማሪውና ሹሙ አንድ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው «ዘንድሮ ማን ስንት ይቅዳ?» ተባብለው የሚወስኑበት፣ የወሰኑትም የሚከበርበት መድረክ ግን አልነበረም። ሐረር በጀሪካን ሰልፍ ዓመታት ቆይታ በመጨረሻ ከድሬዳዋ በኩል ካለው ቆላ፣ ከድሬ ጃራ ጉድጓዶች ውሃ በፓምፕ ሽቅብ እንዲወጣላት ሆነ። ድሬ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር ከ1,800 በላይ። ለዚያ ሁሉ ዳገት የሚከፈለውን መብራት አስቡት።

በቅርብ ዓመታት ሐይቁ መመለስ ጀምሯል፤ ደስ ይላል። የሄደው ግን በዕውቀት እጦት እንዳልነበረ እናስታውስ። የጎደለን አብሮ የመወሰን ልምድ ነው። ይህ ልምድ ደግሞ እንደ ዋና ነው፤ ውሃ ውስጥ ሳይገቡ ተምሬ ልጨርስ አይባልም። «መጀመሪያ ትምህርት» የሚለው ሐሳብ ሐረማያ ላይ ተሞክሯል፤ ዩኒቨርሲቲው ቀድሞ መጣ፣ ሐይቁ በኋላ ሄደ።

«ሲቪክስ ተሞክሮ ወድቋል፤ ይውጣ»

መውደቁን እኔም አልክድም። ዐሥራ አንድ ምዕራፍ ነበረው፦ የዴሞክራሲ ሥርዓት ግንባታ፣ የሕግ የበላይነት፣ እኩልነት፣ ፍትሐዊነት፣ አርበኝነት፣ ኃላፊነት፣ ታታሪነት፣ በራስ መተማመን፣ ቁጠባ፣ ንቁ የማኅበረሰብ ተሳትፎ፣ ዕውቀትን መሻት። እስከ ዛሬ በቃሌ ነው፤ ተማሪዎቼም በቃላቸው ነበር። ከክፍል ክፍል የሚለወጠው የመጽሐፉ ውፍረት ነው። ፈተናው «ከሚከተሉት ውስጥ የዴሞክራሲ መርሕ ያልሆነው የቱ ነው?» ይላል፤ ልጁ «ሐ»ን ያከብባል፣ እኔ እርማት አደርጋለሁ፣ ሁላችንም ወደ ቤታችን እንሄዳለን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከፖለቲካ ወገንተኝነት ነፃ ይሁን ይላል። እኛ መምህራን ግን ክረምት በመጣ ቁጥር አዳራሽ ተሰብስበን የገዢውን ፓርቲ መስመር ስንጋት ኖረን፣ መስከረም ላይ ያንኑ ይዘን ክፍል እንገባ ነበር። ልጆች ሞኝ አይደሉም። የሚያስተምራቸው ሰው የሚናገረውን የማያምን መሆኑን ከድምፁ ያውቃሉ።

ዩኒቨርሲቲዎቻችን በብሔር ግጭት የታመሱት ሲቪክስ በተማሩ ልጆች ነው የሚለውም የጸሐፊው ነጥብ እውነት ነው፤ ያማል። ከዚህ ተነሥቶ «ይውጣ» ማለት ግን መድኃኒቱ ስላልሠራ በሽታው የለም እንደ ማለት ነው።

አንድ ነገር ልናገር፤ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። በአንድ ወቅት አስተምርበት በነበረ ትምህርት ቤት ምዕራፍ ዐሥርን፣ ንቁ የማኅበረሰብ ተሳትፎን፣ ዘጠነኛ ክፍል እያስተማርኩ ነበር። በዚያው ሳምንት የሴቶች መጸዳጃ ቤት ቧንቧ ከተበላሸ ወር አልፎት ነበር። የድሬ ሙቀት ውስጥ ውሃ የሌለው መጸዳጃ ምን እንደሚመስል አላብራራም። አንዲት ተማሪ ተነሥታ «ቲቸር፣ ንቁ ተሳትፎ ማለት ለቧንቧውም ይሆናል?» አለች። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ስቄ «ይሆናል እንጂ» አልኩ። በማግሥቱ ማመልከቻ ጽፋ አርባ ልጅ አስፈርማ ለአስተዳደሩ አስገባች። ጽሑፉ ጨዋ ነበር፤ ሆሄው ሁሉ ሳይሳሳት።

«አድማ አነሣሽ» ተባለች። ወላጅ አምጪ ተባለች። እናቷ ከቀፊራ ገበያ መደብ ጥላ መጥታ ቢሮ በር ላይ ግማሽ ቀን ቆመች። እኔን ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ገብቼ «እኔ ነኝ ያስተማርኳት» አላልኩም። የኮንትራት ጉዳይ ነበረብኝ። ቧንቧው በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ተሠራ። ያች ልጅ ግን ከዚያ በኋላ ክፍሌ ውስጥ እጇን አውጥታ አታውቅም፤ ምዕራፍ ዐሥር ላይ የመጡትን ጥያቄዎች በሙሉ በትክክል መለሰች።

እንግዲህ መጽሐፉን ብናወጣው ምን እናተርፋለን? ግቢው ማስተማሩን አያቆምም። የክፍል አለቃው በመምህሩ ሲሾም፣ «የተማሪዎች ፓርላማ» የሚባለው እንግዳ ሲመጣ ብቻ ሲሰበሰብ፣ ዱላው በመመሪያ ቢከለከልም ከመሳቢያ ሳይወጣ ሲቀር፣ ልጁ ሥልጣን ምን እንደሆነ በየቀኑ ይማራል። ስሙ «ሲቪክስ»ም ይሁን አሁን እንደተደረገው «ግብረ ገብ» እና «የዜግነት ትምህርት»፣ ከግቢው ጋር የሚጣላ መጽሐፍ ሁልጊዜ ተሸናፊ ነው።

በዚያ ላይ ሳይንሱን ከዜግነት ለይቶ ማስተማር አይቻልም። የድሬን ውሃ ያፈላ ሰው ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ሲጋገር ያያል፤ ኬሚስትሪ ነው፤ ስለ ካልሲየም ከዚያ ጀምሮ ማስተማር ይቻላል። ከተማችን የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ከመጸዳጃ ጉድጓድ እየሰረገ የሚገባ ናይትሬት በከተማው ጉድጓዶች እንደተገኘ በተደጋጋሚ ተጠንቷል። ናይትሬቱን መለካት ሳይንስ ነው። «የሰፈራችን መጸዳጃ ለውሃ ጉድጓዱ ይህን ያህል ቀርቦ እንዲቆፈር ማን ፈቀደ? ፍሳሽ ማስወገጃው ለየትኛው ቀበሌ ቀድሞ ይሠራ?» የሚለውስ? ልጁ የመጀመሪያውን ለክቶ ሁለተኛውን መጠየቅ ካልቻለ የለካው ቁጥር ደብተሩ ውስጥ ይቀራል። የሐረማያ ተመራማሪዎች የለኩት ቁጥር የትም አልደረሰም።

«ተማሪ ጸጥ ብሎ ይማር»

ጸሐፊው የ12ኛ ክፍልን ውጤት ማስረጃ አድርገው ጠቅሰዋል። ቁጥሩ የሚካድ አይደለም፤ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና በላይ ያመጡት በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ ናቸው። «ይህ የሥነ ሥርዓት መጥፋት ውጤት ነው፤ ልጆቹ መብት መብት ሲሉ መማር ረሱ» ይላሉ።

የትኞቹ ልጆች? እኔ ያስተማርኳቸው ሰባ ሆነው በአንድ ክፍል ታጭቀው፣ ከሰሌዳ ሲገለብጡ የሚውሉ፣ «ገባችሁ?» ስላቸው በአንድ ድምፅ «አዎ!» የሚሉ ልጆች ናቸው። ከእነሱ የበለጠ ጸጥ ያለ ትውልድ ከየት ይምጣ? ውጤቱ የሚያሳየው ቀድሞ በኩረጃ ተሸፍኖ የኖረውን ነው። ኩረጃ ደግሞ የጸጥታ ልጅ ነው፤ «አልገባኝም» ማለት የሚያሳፍርበት ክፍል ውስጥ ያልገባው ልጅ ከጎረቤቱ ከመገልበጥ በቀር ምን አማራጭ አለው? መምህሩ አይቶ ያልፋል፣ ትምህርት ቤቱ የማለፊያው ቁጥር ስለሚያምርለት ያልፋል፣ ወላጅም ያልፋል። ሁሉም እያወቀ ያልሆነውን «ሆነ» ብሎ መፈራረምን ልጁ በዐሥራ ስድስት ዓመቱ ከእኛ ይማራል። ነገ ምርጫ ጣቢያ ሲቀመጥ አዲስ ነገር አይሆንበትም።

ጸጥታን «ባህላችን» ማለታቸውም አልተዋጠልኝም። በላ ልበልሃ የማን ነው? ተሟጋች በአደባባይ ቆሞ «ተጠየቅ!» እያለ፣ ነገር በምሳሌ እየሰካ፣ ዳኛው ፊት ሲከራከር መንገደኛ ሳይቀር ቆሞ ይፈርድ የነበረው እዚሁ አገር ነው። ቅኔ ቤት ውስጥስ ተማሪው የመምህሩን ቅኔ አይነቅስም እንዴ?

«የአካባቢ ጥበቃ የባለሙያ ሥራ ነው፤ የፈረንጅ ፋሽን ነው»

ፋሽን ላሉት፣ እውነት ነው፣ የተባበሩት መንግሥታት በ2015 (በፈረንጆቹ) ባጸደቃቸው የዘላቂ ልማት ግቦች ውስጥ ለዘላቂ ልማት የሚሆን ትምህርት በ4.7 ላይ ተጽፏል። ደቻቱ ግን ፈረንጅ አይደለም።

ሐምሌ 1998 ሊያልቅ ሲል፣ ሌሊት፣ ደቻቱ ሞልቶ መጣ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፤ ሺዎች ቤት አልባ ሆኑ። የድሬ ሰው እንደሚያውቀው ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ ገበያ ይዘረጋበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ጎርፉን የሚያመጣው ደጋው ላይ የሚዘንበው ዝናብ ነው፤ እዚህ ሰማዩ ጠርቶ ሊሆን ይችላል። ደጋው ተራቁቷል። ታች ደግሞ ቦታ ያጣ ሰው ወንዙ ዳር፣ አንዳንዱም ወንዙ ውስጥ ቤት ሠርቷል። ከላይ የሚያርሰው ገበሬ በአንድ አስተዳደር ሥር፣ ከታች የሚተኛው የከተማ ሰው በሌላ። ይህን የሚፈታው የትኛው ባለሙያ ብቻውን ነው? ግድብና ግንቡን ይሠራልን፤ ጥሩ ነው። ዳገቱ ላይ ያለው ልጅ የሚቆርጠው ቁጥቋጦ እዚህ ከማን ደጃፍ እንደሚገናኝ፣ እዚህ ያለው ልጅም የዚያኛው ቤት ማገዶ ከየት እንደሚመጣ ካላወቁ ግን ግንቡ ራሱ ዕድሜ አይኖረውም።

ለትምህርት ቤቶችም የምለው አለኝ። በየክረምቱ ልጆችን በአይሱዙ ጭነን ችግኝ ማስተከል ጀመርን፣ ፎቶ ተነሣን። በሚቀጥለው ዓመት ስንመለስ አንዳንዱ ጉድጓድ የአምናው ራሱ ነበር። ስንቱ ጸደቀ ብሎ መቁጠር ለክበቡ ልጆች ቢሰጥ፣ ቁጥሩም በሰልፍ ላይ ቢነበብ፣ ችግኙን ከመትከሉ የበለጠ ይማሩበት ነበር። ማፈሩም ትምህርት ነው።

«በአፍ መፍቻ ቋንቋ ማስተማር አጣላን»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ መንገድ ያስኬዱኛል። በድሬ ትምህርት ቤቶች በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ይማራል። አንድ ግቢ ውስጥ ልጆች በቋንቋ ተለይተው፣ አንዱ ጠዋት ሌላው ከሰዓት ገብተው፣ በር ላይ ብቻ ሲተላለፉ አይቻለሁ፤ ደስ አላለኝም። ጥፋቱ ግን የቋንቋው ነው ወይስ የፈረቃው?

ይህች ከተማ ባቡር የወለዳት ናት። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ ሲደርስ ነው የተቆረቆረችው። ሻሚንደፈር (የምድር ባቡሩ) ግቢ ውስጥ አለቃው በፈረንሳይኛ ሲቆጣ፣ ሠራተኛው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በዐረብኛ፣ በሐረሪ ሲመልስ ኖሯል፤ ባቡሩም ሄዷል። ዛሬም የባጃጅ ሹፌሩ ከከዚራ መጋላ እስኪደርስ ሦስት ቋንቋ ይቀይራል። ይህን ልጅ «አንድ ቋንቋ ብቻ ካላወቅህ አትስማማም» ብትለው ይስቅብሃል።

ልጅ መጀመሪያ ማንበብን የሚማረው በሚገባው ቋንቋ ነው። እናቱ ቤት የምታወራውን ቋንቋ ትምህርት ቤት ካልቆጠረው፣ እናቱም በወላጅ ስብሰባ ላይ አፏን አትከፍትም። ከዚያ የጎረቤቱን ይጨምር፤ በግዴታ ሳይሆን ጓደኛው ስለሆነ። የሚያስፈልገው የሦስቱ ቋንቋ ልጆች በአንድ ክበብ፣ በአንድ ሚኒ ሚዲያ፣ በአንድ ሜዳ እንዲገናኙ ማድረግ ነው። መጽሐፍ በጊዜ መድረስ ያለበት መሆኑን አልጨምርም፤ እሱን ጸሐፊውም ያውቁታል።

«ብሩሆቹን ለይተን እናስተምር»

በዚህኛው አልቆይም። በ1964 ግድም ባለሙያዎች ተሰብስበው የትምህርት ዘርፍ ጥናት አዘጋጁ፤ ለብዙኃኑ አጭር መሠረታዊ ትምህርት፣ ከዚያ በላይ ለጥቂቱ የሚል መንፈስ ነበረው። ወጪውን ካየነው ሞኝነት አልነበረም። መምህሩንና ወላጁን ግን የጠየቀው አልነበረም፤ ሰዉ «የድሃ ልጅ ከአራተኛ ክፍል አይለፍ ሊሉ ነው» ብሎ ተረዳው። በየካቲት 1966 መምህራን ሥራ አቆሙ። የቀረውን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። ጥሩ ዕቅድ እንኳ ባለቤቶቹ ሳይጠየቁ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም።

ጸሐፊው በመዝጊያቸው «ታዲያ ትምህርት ቤት ዴሞክራሲን በምን ያስተምር?» ብለው በፌዝ ጠይቀዋል። በትንሽ ነገር። የክፍል አለቃ በእጅ ማውጣት ይመረጥ፣ ካልሠራ ይውረድ። ማመልከቻ ያስገባ ልጅ በሳምንት ውስጥ የጽሑፍ መልስ ያግኝ፤ «አይሆንም» ቢሆን እንኳ። የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረቱ የሚሰበስበውና የሚያወጣው ገንዘብ ወረቀት ላይ ተጽፎ የግቢው በር ላይ ይለጠፍ።

የመጨረሻውን እኔ ራሴ አንድ ጊዜ በስብሰባ ላይ አቅርቤው ነበር። «ማን ያነበዋል?» ነበር የተመለሰልኝ። ከመስኮቱ ውጪ ሁለተኛ ክፍሎች ጮክ ብለው እያነበቡ ነበር።